ከጎርጎራ ግንብ እስከ ተፈሪ መኰንን፦ ለካቶሊክ ትምህርት ቤቶች የሚገባ ምስጋና

ከባሕር ዳር ጣናን ተሻግሮ በሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ ጎርጎራ አለች። እዚያ የኢየሱሳውያን (ጀስዊቶች) ሚሲዮን ትዝታ የሆነ የፈራረሰ ግንብ ይታያል። የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች በኢትዮጵያ ዛሬ ለምን እንደሚወደዱ ለመረዳት፣ ሚሲዮኑ ያኔ ለምን እንደተጠላ ማወቅ ያስፈልጋል። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1603 አድዋ አጠገብ ወደምትገኘው ፍሬሞና ሲደርስ ሥራውን የጀመረው ከልጆች ነበር። ግእዝና አማርኛ ተማረ፣ ሕፃናቱንም ትምህርተ ክርስቶስ በአማርኛ አስጠና። በ1604 ተማሪዎቹ ዐፄ ዘድንግል ፊት ቀርበው ያጠኑትን ሲያነበንቡ ንጉሡ ተደነቁ። ፓኤዝ በኋላም በጎርጎራ ለዐፄ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥት አሠራ፤ በ1622 እዚያው ሞተ።

በ1625 የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን የፓኤዝ ትዕግሥት አልነበረውም። ካህናት እንደገና እንዲካኑ፣ ምእመናን እንደገና እንዲጠመቁ፣ ጾሙና በዓሉ በሮም ሥርዓት እንዲሆን ታዘዘ። ሕዝቡ ተነሣ፤ ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 ሱስንዮስ የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ፋሲልም ሚሲዮናውያኑን ከሀገር አስወጡ። ለልጆች የተከፈተው ትምህርት ቤትም ከአዋጁ ጋር አብሮ ጠፋ። ጥርጣሬው ግን ለብዙ ትውልድ ቆየ።

ታዲያ ያ ጥርጣሬ እንዴት ለዘበ?

ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው በልጅነታቸው ሐረር ላይ የካፑቺኑ የአባ እንድርያስ (ዣሮሶ) ተማሪ ነበሩ። የካቶሊክ መምህር ምን ሊያበረክት እንደሚችል ያውቁ ነበር፤ የጎርጎራንም ታሪክ አልረሱም። ስለዚህ በ1945 ካናዳውያን ኢየሱሳውያንን ጠርተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን ሲሰጧቸው ድንበሩን አብረው አበጁላቸው፦ የካህን ቀሚስ አይለበስም፣ ሃይማኖት አይሰበክም፣ ማስተማር ብቻ። መምህራኑ ተስማሙ። ከመካከላቸው ዶክተር ሉሲየን ማት በ1950 የተከፈተውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ መሩ። ያ ኮሌጅ የዛሬው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መሠረት ነው።

ማኅበሩ ያው ነው፤ ሀገሩም ያው ነው። የተለየው አመጣጡ ነው። የመጀመሪያው በአዋጅ ሊገዛ ሞከረና ተባረረ፤ ሁለተኛው የሀገሩን ወግ አክብሮ ስላስተማረ ተመሰገነ።

ዛሬ ካቶሊኮች ከኢትዮጵያ ሕዝብ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። በ2015 የተመሠረተው የባሕር ዳር ደሴ ሀገረ ስብከትም የሚያገለግለው ጥቂት ምእመናን ነው። በካቶሊክ ትምህርት ቤት ከሚቀመጡት ልጆች አብዛኞቹ ማተብ ያሰሩ ወይም ከመስጊድ ጎረቤት የመጡ ናቸው። ወላጅ ልጁን የሚልከው ሃይማኖቱን እንደማይነኩበት፣ ሥነ ሥርዓቱንና ትምህርቱን ግን እንደሚያገኝ ስለሚያምን ነው። የትምህርት ቤቱ ማኅበረሰብ የቆመው በዚህ እምነት ላይ ነው።

ምስጋናውም ለሁለት ወገን ይገባል፦ ድንበሩን አክብረው ላስተማሩ መምህራን፣ የአባቶቻቸውን ቁስል ሳይረሱ ልጆቻቸውን አምነው ለሰጡ ወላጆች። በአማራ ክልል በግጭቱ ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች በራቸውን በዘጉበት በዚህ ዘመን፣ የማንም ቤት ልጅ ገብቶ የሚማርበት ክፍል ትልቅ ሀብት ነው። እንዲህ ያለ መተማመን ለመገንባት 300 ዓመት ፈጅቷል። ለማፍረስ ግን፣ ሜንዴዝ እንዳሳየው፣ ጥቂት ዓመት ይበቃል።