«ኖርማል» ከየት መጣ?

በጥንቷ ሮም አናጺ ሁለት እንጨቶች በቀጥተኛ ማዕዘን መጋጠማቸውን የሚያረጋግጥበት መሣሪያ «ኖርማ» ይባል ነበር። የእኛ አናጺዎችና ግንበኞች ከጣሊያንኛ ወርሰው «ስኳድራ» የሚሉት ነው። ከ«ኖርማ» የወጣው ቅጽል «ኖርማሊስ» መጀመሪያ ላይ «በስኳድራ የተለካ፣ 90 ዲግሪ የጠበቀ» ማለት ነበር። ጂኦሜትሪ ይህን ጥንታዊ ፍቺ ዛሬም አልለቀቀውም፤ ለአንድ ገጽ ቀጤ ነክ የሆነ መሥመር «ኖርማል» ይባላል። ከስኳድራው የወጣ፣ ከልክ ያለፈ ነገር ደግሞ በላቲን «ኤኖርሚስ» ተባለ፤ ግዙፍ የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛው «ኢኖርመስ» የዚሁ ልጅ ነው።

መሣሪያው ልኩን ከጠማማው የሚለይ ነውና፣ ስሙ ከእንጨት ሥራ ወደ ሕግና ምግባር ለመሻገር አልተቸገረም። ፈረንሳዮች በአብዮቱ ዘመን፣ በ1794 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፣ በፓሪስ ያቋቋሙትን የመምህራን ትምህርት ቤት «ኤኮል ኖርማል» አሉት፤ ለሌሎቹ ደንብና አርአያ የሚሆን ለማለት ነው። በተከታዩ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ የፈረንሳይ ሕክምና ቃሉን የበሽታ ተቃራኒ አድርጎ ያዘው። ዛሬ የላቦራቶሪ ውጤት «ኖርማል ነው» ስንባል እፎይ የምንለው በዚያ ፍቺ ነው። እንግዲህ ቃሉ ስታቲስቲክስ ቤት ሲገባ ሁለት ጭነት ይዞ ገባ፤ አዘውትሮ የሚታየውንና መሆን የሚገባውን። እነዚህ ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ስለ ኖርማል ሥርጭት የሚነሳው ግራ መጋባት አብዛኛው ከዚህ ይመነጫል ብዬ አምናለሁ።

የዚህ ሥርጭት ደወል መሰል ኩርባ ከስሙ ከመቶ ዓመት በላይ ይቀድማል። አብርሃም ደ ሟቭር በሃይማኖቱ ምክንያት ከፈረንሳይ ተሰዶ ለንደን የገባ ፕሮቴስታንት ነበር፤ የሚተዳደረውም ሒሳብ በማስተማርና በቡና ቤት ተቀምጦ ሰዎችን ስለ ዕድል ጨዋታ በማማከር ነበር። በ1733 ባሳተማት አጭር የላቲን ጽሑፍ፣ ሳንቲም እጅግ ብዙ ጊዜ ሲወረወር የዘውዱ ብዛት በመካከለኛው ቁጥር ዙሪያ እንዴት እንደሚከማች የሚያሰላ ቀመር አቀረበ። ዛሬ ኖርማል የምንለው ኩርባ ይኸው ነው፤ እሱ ግን ስም አላወጣለትም።

የመጀመሪያውን ስም የሰጡት የሰማይ ተመልካቾች ናቸው። በ1801 መጀመሪያ ላይ ጁሴፔ ፒያትሲ ያገኛት ሴሬስ የተባለች የሰማይ አካል የፀሐይ ብርሃን ውስጥ ገብታ ስትሰወር፣ ወጣቱ ካርል ፍሪድሪክ ጋውስ ከነበሩት ጥቂት ምልከታዎች ተነስቶ የት እንደምትታይ አሰላ፤ ዓመቱ ሲያልቅም ሴሬስ ባመለከተው አካባቢ ተገኘች። ጋውስ በ1809 ባሳተመው መጽሐፍ የመሣሪያና የዓይን ስሕተቶች በአማካዩ ዙሪያ የሚሠራጩበትን ሕግ አስቀመጠ። በዓመቱ ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ላፕላስ ይህ ቅርጽ በየቦታው ለምን ብቅ እንደሚል አሳየ፤ እርስ በርስ የማይደጋገፉ ብዙ ጥቃቅን ምክንያቶች ሲደመሩ ውጤታቸው ወደዚህ ኩርባ ይጠጋል። ያኔ የኩርባው ስም «የስሕተት ሕግ» ነበር። የላቲኑ «ኤራሬ» መንከራተት፣ መንገድ መሳት ማለት ነው፤ የግዕዙ «ስሕተ»ም እንዲሁ መንገድ መሳትን ያሳያል። እኔ ይህን ስም እወደዋለሁ። የሚለካው ነገር አንድ መሆኑን፣ የሚንከራተተው ለኪው መሆኑን በግልጽ ይናገራልና።

ነገሩን ያዞረው የቤልጂጉ የሥነ ፈለክ ሊቅ አዶልፍ ኬትሌ ነው። በ1835 «አማካይ ሰው» የሚል ሐሳብ አመጣ፤ በ1846 ደግሞ የ5,738 የስኮትላንድ ወታደሮችን የደረት ዙሪያ መረጃ አቅርቦ፣ ልኬቶቹ በ40 ኢንች አካባቢ ተከማችተው የስሕተትን ሕግ እንደሚከተሉ አስረዳ። እስቲ ይህን በደንብ እንየው። የአንዲት ሴሬስ ቦታ አሥር ጊዜ ቢለካ፣ ከአሥሩ ቁጥሮች ጀርባ አንድ እውነተኛ ቦታ አለ። ከ5,738 ደረቶች ጀርባ ግን አንድ እውነተኛ ደረት የለም፤ 5,738 ሰዎች እንጂ። ኬትሌ ተፈጥሮ አማካዩን ሰው አልማ የሳተች ያህል አድርጎ ቆጠረው። የሰው ልዩነት «ስሕተት»፣ አማካዩ «ልክ» የሆነው በዚህ እርምጃ ነው።

ከዚያ በኋላ ስሙን ለማምጣት ብዙ አልቀረም። በ1870ዎቹ አሜሪካዊው ቻርልስ ፐርስ፣ ጀርመናዊው ቪልሄልም ሌክሲስና እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጎልተን በየፊናቸው «ኖርማል» የሚለውን ቃል ለኩርባው ተጠቀሙበት። በ1890ዎቹ የስታቲስቲክስ ሊቁ ካርል ፒርሰን አጸናው። ፒርሰን በ1920 ስሙ የላፕላስና የጋውስን የቀዳሚነት ክርክር ለመሸሽ እንደረዳ፣ ነገር ግን ሰዎች ሌሎች ሥርጭቶችን ሁሉ ጤነኛ እንዳልሆኑ አድርገው እንዲያስቡ እንደሚገፋፋ ጽፏል። ስሙን ያጸናው ሰው ራሱ የመሰከረው ይህ ጉድለት በየመማሪያ መጽሐፉ መግቢያ ላይ ሊነገር ይገባ ነበር።

ሌሎቹ ሥርጭቶች ጤነኞች ናቸውና። የሰው ገቢ፣ የከተሞች የሕዝብ ብዛት፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ የሚጠፋው ጊዜ ወደ አንድ ወገን ረጅም ጅራት አላቸው። ኖርማል ሥርጭትን ለመግለጽ ሁለት ቁጥር ይበቃል፤ አማካዩና ልኬቶቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚበተኑ የሚያሳየው ስታንዳርድ ዴቪዬሽን። ከአማካዩ ግራና ቀኝ በአንድ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ውስጥ 68 በመቶ፣ በሁለት ውስጥ 95 በመቶ፣ በሦስት ውስጥ 99.7 በመቶ የሚሆነው ይገኛል። ይህን ሂሳብ ጅራታም በሆነ መረጃ ላይ የጫነ ሰው ብርቅ ብሎ የናቀው ነገር ደጋግሞ ይመጣበታል።

ቃሉ የተሸከማቸው ሁለት ጭነቶች ዛሬም አብረው የሚሠሩበት ቦታ የሕፃናት መለኪያ ሰሌዳ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 ያወጣው የእድገት መለኪያ የተሠራው በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ በተመቸ ሁኔታ ካደጉ ሕፃናት ነው፤ ዓላማውም ሕፃናት እንዴት እንደሚያድጉ ከመግለጽ አልፎ እንዴት ማደግ እንደሚገባቸው ማሳየት ነው። የአንድ ሕፃን ቁመት ከእድሜው አማካይ በስንት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን እንደራቀ በዜድ ስኮር ይነገራል። ከ−2 በታች ከሆነ ቀንጭሯል ይባላል፤ ከ−3 በታች ደግሞ ከባድ ነው። ነገር ግን በኩርባው መሠረት በደንብ ካደጉት ሕፃናትም 2.3 በመቶ ያህሉ ከ−2 በታች ይወድቃሉ። ስለዚህ ቁጥሩ ብቻውን በአንድ ልጅ ላይ ፍርድ አይሰጥም፤ አጭር ወላጆች ያሉት ጤነኛ ልጅ ሊሆን ይችላል። በአንድ ወረዳ ከሦስት ሕፃናት አንዱ ከመስመሩ በታች ከሆነ ግን ምክንያቱ ተፈጥሮ አይደለም፤ የምግብና የበሽታ ጉዳይ ነው። የክብደቱ ነገር ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። ቁመት ያለ ማስተካከያ በኩርባው ላይ ሲያርፍ፣ ክብደት ወደ ቀኝ ያዘነብላልና ሰሌዳውን የሠሩት ባለሙያዎች ዜድ ስኮሩን ለማስላት መጀመሪያ በሒሳብ ማቃናት ነበረባቸው። ጤነኛ የሆነ የሕፃን ክብደት እንኳ በራሱ «ኖርማል» አይደለም ማለት ነው።

በአማርኛ «መደበኛ ሥርጭት» እንለዋለን። ቃሉ ከ«መደበ» የመጣ ነው፤ ወሰነ፣ ቦታ ሰጠ። መደበኛ ጦር፣ መደበኛ ትምህርት፣ መደበኛ ስብሰባ ስንል የተወሰነለት ሥርዓት ያለው ማለታችን እንጂ በብዛት የሚታየውን መጥራታችን አይደለም። ስለዚህ «መደበኛ» የኬትሌን ስሕተት ከላቲኑም በላይ ያጸናዋል። ሌላም ችግር አለ። ፒርሰን ያስለመደው ሁለተኛ ቃል፣ «ስታንዳርድ»፣ በጥንቱ ፈረንሳይኛ የጦር ሜዳ ሰንደቅ ነበር፤ ሠራዊት የሚሰበሰብበት፣ ኋላም ሌላው መለኪያ ሁሉ የሚመሳከርበት። እሱንም «መደበኛ» ብለን ተረጎምነው። በዚህ የተነሳ አማካዩ 0፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 1 የሆነውን ሥርጭት በአማርኛ ለመጥራት የተነሳ መምህር «መደበኛ መደበኛ ሥርጭት» ከማለት በቀር መውጫ የለውም። እኔ «መደበኛ»ን ለስታንዳርድ ትተን፣ ኩርባውን ተማሪው ቀድሞም እንደሚጠራው «ኖርማል» ብንለው እመርጣለሁ፤ «መደበኛ ኖርማል ሥርጭት» ስንል ሰንደቁና ስኳድራው ይለያያሉ፣ ለተማሪውም የትኛው የትኛው እንደሆነ ማስረዳት ይቻላል።