ለአምባሰል ስንት ደቂቃ ይበቃዋል?

አርዲቦ ሐይቅ ዳር ቀን ከማዶ የሚጣራ ሰው አይሰማም። ሲመሽ ግን ሳል እንኳ ውኃውን ተሻግሮ ይመጣል። ውኃው ፊት ላይ ያለው አየር ከበላዩ ካለው ቀድሞ ስለሚቀዘቅዝ፣ ወደ ሰማይ ሊያመልጥ የነበረው ድምፅ ጎንበስ ብሎ ወደ ምድር ይመለሳል፤ ይህን የተማርኩት ኋላ በፊዚክስ ክፍል ነው። በልጅነቴ የማውቀው ማዶ መንደር ያለ አንድ ሰው ማታ ማታ ቴፑን ሲከፍት እኛ ደጅ ቁጭ ብለን እንደምንሰማው ብቻ ነበር። ድንጋዩ ሲደክምበትና ዘፋኙ እንደ ሰካራም ቃሉን መጎተት ሲጀምር፣ እኛም በዚህኛው ዳር ሆነን አብረን እናዝናለን።

ድንጋይ ያልኩት ባትሪ ድንጋይ ነው፤ ለዘንድሮ ልጆች መንገሩ ሳያስፈልግ አይቀርም። የአባቴ ቴፕ ስድስት ወፋፍራም ድንጋይ ይበላል። ድንጋይ ደግሞ ውድ ነው፤ ስለዚህ ካሴት ወደ ኋላ የሚጠነጠነው በእስክሪፕቶ ነበር። የደከመ ድንጋይ እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ከፀሐይ ሲነሳ ለሁለት ለሦስት ዘፈን ነፍስ ይዘራል። ጥብጣቡ ከተበጠሰ በእህቴ የጥፍር ቀለም ይጣበቃል። በዚህ ዓይነት የተጠገነ አንድ ካሴት ነበረን፤ ዘፋኙ እዚያ ቦታ ሲደርስ አንድ ቃል ይውጣል። ዛሬ ያንን ዘፈን በስልኬ ስሰማው የተዋጠው ቃል ከነሙሉ ነፍሱ ይመጣል፤ ሁልጊዜም ያስደነግጠኛል።

ይህን የምጽፈው የድሮ ዕቃ ለማሞገስ አይደለም። ያ ቴፕ መጥፎ ቴፕ ነበር፤ የከበሮውን ጉልበት ይበላል፣ የማሲንቆውን ድምፅ ያሻክራል። ለወጣትነቱ ያዘነ ሰው ዕቃውን ሲያሞግስ አትመኑት። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፤ ዘፈን የሚቀዳበት ዕቃ ሁሉ ዘፈኑን በራሱ ልክ ይቆርጠዋል። ይህን ለማየት ደግሞ ከዚህ አገር የተሻለ ቦታ የለም። ከትዝታ፣ ከባቲና ከአንቺ ሆዬ ጋር ከአራቱ ታላላቅ ቅኝቶች አንዱ ስሙን የያዘው ከሐይቅ ከተማ ወደ ሰሜን ከሚታየው የአምባሰል ተራራ ነውና።

አምባሰል ዕቃ ሳይገባበት በፊት ደቂቃ አልነበረውም። አዝማሪው ተቀባይ ነው፤ ተሰብሳቢው ግጥም ሲሰጠው ይቀበላል፣ በማሲንቆው ያዞረዋል፣ ሌላው ይሰጣል። ዘፈኑ የሚያልቀው ግጥም ሰጪ ሲጠፋ ወይም ጠላው ሲያልቅ ነው። መሣሪያው ራሱ አንድ ክር ብቻ ነው፤ የፈረስ ጭራ፣ በፍየል ቆዳ በተለበጠ ሣጥን ላይ። ጣት የት እንደሚያርፍ የሚያሳይ ምልክት የለውም። የአምባሰል ሁለተኛዋ ድምፅ ከመነሻዋ የምትርቀው በግማሽ ድምፅ ብቻ ነው፤ ከእሷ ቀጥሎ ሰፊ ዝላይ ይመጣል። ያቺን ጠባብ እርምጃ አንዱ አዝማሪ ትንሽ ዝቅ፣ ሌላው ትንሽ ከፍ ያደርጋታል። ለቅሶዋ ያለው እዚያ ላይ ነው። ጃፓኖች ይህን የመሰለ ቅኝት አላቸውና ሲሰሙት እንግዳ አይሆንባቸውም ይባላል።

የድምፅ መቅረጫ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በቤተ መንግሥት በር ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1890 ዓ.ም. ለዐፄ ምኒልክ መልእክታቸውን በሰም ሲሊንደር ላይ ተናግረው ላኩ፤ ከተሰማ በኋላም በትእዛዛቸው ተሰበረ። ምኒልክና ጣይቱ በ1891 ዓ.ም. የመለሱት ግን ተርፎ ዛሬም ይሰማል። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በጀርመን አገር ድምፃቸውን ሸክላ ላይ አስቀረጹ። አዝማሪነት ከደቂቃ ጋር የተዋወቀው ያኔ ይመስለኛል። የዚያ ዘመን ሸክላ አንዱ ገጽ ሦስት አራት ደቂቃ ቢይዝ ነው። ሌሊቱን ሙሉ መቀበል የለመደ ሰው ገና ጉሮሮው ሳይሟሟቅ «በቃ» ይባላል።

በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ፣ ሸክላ የማስቀረጽ መብት በሕግ ለሀገር ፍቅር ቴያትር ብቻ የተሰጠ መሆኑን እያወቀ፣ የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን አስቀርጾ ወደ ሕንድ ልኮ አሳተመ። በዚያ ደፋር ሥራ የጀመረው ዘመን ስሙ እስከ ፓሪስ ወጥቷል። ልኩ ግን ያው ነበር፤ ትንሿ ሸክላ አራት ደቂቃ ገደማ ናት። ባንዱና ዘፋኙ አንድ ክፍል ውስጥ አብረው ይጫወታሉ፤ መለከተኛው ቢስት ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። የእነዚያን ሸክላዎች ጥድፊያ እወደዋለሁ። ለአዲስ አበባ የምሽት ክበብ የተሰፋ ልብስ ነበር፤ ለአምባሰል ግን ጠበበው።

ካሴት ነው የፈታው። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጣት ያቺ ትንሽ ሣጥን እኛ ዘንድ የነገሠችው በደርግ ዘመን ነው፤ በ1970 ዓ.ም. ገደማ የሸክላ ህትመት ቆመ። የሰዓት እላፊው አዋጅ ሰውን በጊዜ ቤቱ ሲያስገባው ካሴት ተከትሎት ገባ። የስድሳ ደቂቃዋ ካሴት በአንድ ጎኗ ሠላሳ ደቂቃ ትይዛለች። ሠላሳ ደቂቃ ለአምባሰል ማለት ወገቡን የሚፈታበት ሜዳ ነው። ከደሴው የላሊበላ ኪነት የወጣችው ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን ስታንጎራጉር ድምፅዋ የማይቸኩለውን ያህል፣ ካሴቱም አያስቸኩላትም። ሸክላ ማጫወቻ ደፉን ረግጦ በማያውቅበት ቤት ሁሉ ካሴት ገባ። በተሁለደሬና በወረባቦ ሰፈሮች መንዙማ በካሴት ይሰማ ነበር፤ ድቤው ሳይቆረጥ፣ አዝማቹ ተቀባዩን እየጠበቀ። ስለ ካሴት ሲጻፍ ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ የሚወሳው የአዲስ አበባው ባንድ ብቻ ነው።

ደግሞ ሌላ ጥቅም ነበረው፤ ይቀዳል። ገበያ ቀን ሐይቅ ከተማ ሙዚቃ ቤት ሄደህ የዘፈን ዝርዝር በወረቀት ትሰጣለህ፣ የባዶ ካሴት ዋጋ ትከፍላለህ፣ በሳምንቱ «ምርጥ»ህን ትወስዳለህ። ዝርዝሩን መጻፍ ራሱ ሥራ ነበር። አሥራ ሁለት ዘፈን ብቻ ነው የሚገባው፤ አንዱን ለማስገባት አንዱ ይሰረዛል። ከኋላዋ ያሉት ሁለት ጥርሶች የተሰበሩባት ካሴት እንዳትጠፋ ታስባ ነው፤ እኛ ግን ቀዳዳውን በወረቀት ወትፈን የመንግሥት ትምህርታዊ ካሴት ላይ ሳይቀር ዘፈን ቀድተንበታል። ዐረብ አገር ለሄዱ ዘመዶችም ደብዳቤ የሚላከው በካሴት ነበር። እናት ትመርቃለች፣ አባት የከብቱን ነገር ይናገራል፣ ጎረቤት ሰላም ይላል፤ ጎኑ እስኪሞላ ድረስ ደግሞ አንዱ ዋሽንት ይነፋበታል። መንገደኛ ተገኝቶ እስኪደርስ ወር ይፈጃል።

ያ ዘመን ያተረፈልን አንድ ሥራ አለ። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ በትንሽ ስቱዲዮ ብቻውን ተቀምጦ አኮርዲዮን፣ ሮድስ ፒያኖ፣ ያማሃ ዲኤክስ 7 እና ድራም ማሽን ይዞ አንድ ካሴት ሠራ። አብሮት የሚጫወት ባንድ አልነበረም፤ ማሽኑ ባንዱን ተካ። ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ፣ አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ላይ ያገኛት ያቺው ካሴት እንደገና ታትማ ዓለምን አዳረሰች። ኃይሉ በእነዚያ ዓመታት ታክሲ ይነዳ ነበር፤ ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመዳል። የድራም ማሽኑ ምት ደረቅ ነው፣ አኮርዲዮኑ ግን በላዩ እንደ ልቡ ይንሸራተታል። የዕቃው ማነስ ሳይሆን የጣቱ ማወቅ ነው የምሰማው።

ዛሬ ያ ስቱዲዮ በሙሉ ላፕቶፕ ውስጥ ገብቷል። ደሴ ላይ አንድ ወጣት አቀናባሪ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ መቶ የድምፅ መስመር ይደረድራል፤ ደቂቃም አያልቅበትም። ታዲያ ልኩ ጠፋ? አልጠፋም፤ ከጊዜ ወደ ቃና ተዛወረ። ኦርጋኑ ድምፅን አሥራ ሁለት እኩል ቦታ ይከፍላል። አምባሰል በኦርጋን ይጫወታል፣ በትክክል ይታወቃል፤ ያቺ ጠባብ እርምጃ ግን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ትቆማለች። ድምፅ የሚያርመው አውቶቲዩን የተሠራው ነዳጅ ፍለጋ ላይ የከርሰ ምድርን የድምፅ ሞገድ ሲመረምር በነበረ መሐንዲስ፣ አንዲ ሂልደብራንድ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ዘፋኙ ከተቀመጠው ቦታ ትንሽ ሲወጣ ጎትቶ ይመልሰዋል። የአዝማሪ ልጅ ሆን ብላ ያጎደለቻትን ለቅሶ እንደ ስህተት ያርምላታል ማለት ነው። ጎበዝ አቀናባሪዎች ይህን ያውቃሉ፤ ማረሚያውን ያላሉታል፣ የኦርጋኑን ቅኝት በጆሯቸው ይከረክማሉ። የማያውቁት ደግሞ የተቀዳ የማሲንቆ ድምፅ በቁልፍ እየተጫኑ ማሲንቆ አስገባን ይሉናል። ሙላቱ አስታጥቄ ክራርን ለማዘመን ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ድረስ የሄደው አለምክንያት አይደለም፤ ክራር ቅኝት በተለወጠ ቁጥር አውታሩ እንደገና መቃኘት አለበት። ዕቃውን ለቅኝቱ ማበጀት ይቻላል፤ ሥራው ግን ከባድ ነው፣ ገበያም አይጠብቅም።

ባለፈው ክረምት አርዲቦ ዳር ከእህቴ ልጅ ጋር ተቀምጠን ነበር። ዋሽንቱን የሠራው ከውኃ ቧንቧ ፕላስቲክ ነው፤ ሸምበቆ ይሰነጠቃል ይላል። ጅዳ ላለው ወንድሙ ሊልክለት በስልኩ የድምፅ መልእክት ቀዳ። መልሰን ስንሰማው «ስማኝ ወንድምዓለም» ያላት ጥርት ብላ አለች፤ ዋሽንቱ ግን ውኃ ውስጥ የገባ ያህል እየተቆራረጠ ይጠፋል። የስልክ ማጣሪያ የሚፈልገው ንግግር ነው፤ ረዝሞ የሚቆይ ድምፅ ለእሱ የማራገቢያ ወይም የሞተር ጩኸት ስለሆነ ያጠፋዋል። ልጁ አልተናደደም። ካሜራውን ከፍቶ ስልኩን ድንጋይ ላይ አስደገፈና ፊቱን ወደ ሐይቁ አዙሮ እንደገና ጀመረ። አምባሰል ነበር። አሥራ አንድ ደቂቃ ነፋ።

«ጋሼ፣ ከባድ ነው፤ ኔትወርኩ አይወስደውም» አለኝ። «ስንት ደቂቃ ይበቃዋል?»

እኔ መልስ ሳስብ እሱ አራት ቦታ ቆርጦ ላከው። ከራት በኋላ ጅዳ ያለው ወንድሙ መለሰ፤ ሦስተኛው አልደረሰኝም፣ ድገምልኝ።