የደጋን ጠላቶች፦ ብርድና እርጥበት



ታላቁ ሰሐባ ዑቅባ ኢብን ዓሚር (ረ.ዐ) ካረጁ በኋላም በሁለት ዒላማዎች መካከል እየተመላለሱ ፍላጻ ይወረውሩ እንደነበር ኢማም ሙስሊም በሰሒሓቸው ዘግበውልናል። በዚያ እድሜያቸው ለምን እንደሚደክሙ ሲጠየቁ፣ ቀስት ተምሮ የተወን ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምን ያህል እንደነቀፉት በመናገር መለሱ። ይህን ሐዲስ ብዙዎቻችን ሰምተነዋል። ሙያው እንዳይረሳ ግን መሣሪያውም መቆየት አለበት፤ እኛ ዛሬ የምናወሳው ይህንኑ ነው።

በዑስማኒያ ዘመን ቱርኮች ይይዙት የነበረው ደጋን ከአንድ ዘንግ የተቀረጸ አልነበረም። መሐሉ እንጨት ነው። ወደ ተኳሹ በሚዞረው ፊቱ ላይ የጎሽ ቀንድ፣ በጀርባው ደግሞ የእንስሳ ጅማት ይለጠፍበታል። ሲለጠጥ ቀንዱ ጫናውን ይሸከማል፣ ጅማቱ ይሳባል፤ ሲለቀቅ ሁለቱም ባንድ ላይ ይመለሳሉ። አጭር ሆኖ ኃይለኛ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሦስቱን አንድ አድርጎ የሚይዛቸው ግን ከቆዳና ከጅማት ተቀቅሎ የወጣ ሙጫ ብቻ ነው። ደጋኑ እስኪጠና ብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይጠበቅ ነበር።

ይህ ሙጫ ውሃ ያሟሟዋል። የዓመት ልፋት በአንድ የዝናብ ሌሊት ሊላቀቅ ይችላል ማለት ነው! ስለዚህ ጅማቱ በስስ ቆዳ ወይም በዛፍ ልጥ ይሸፈናል፣ በላዩም ቨርኒሽ ይቀባል፤ ፈረሰኛውም በቆዳ ማኅደር ይይዘዋል።

ክረምት ስንል የኛን ሐምሌና ነሐሴ አታስቡ። የኢስታንቡልና የኤዲርኔ ክረምት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው፤ ዝናቡም በረዶውም ባንድነት ይመጣል። ለአደን ባላቸው ፍቅር «አዳኙ» የተባሉት ሱልጣን መሕመድ አራተኛ (እ.ኤ.አ. 1648-1687) መኖሪያቸውን ያዘወተሩት በኤዲርኔ ነበር። በዚያ ብርድ ለአደን የሚወጣ ሰው ሁለት ተቃራኒ አደጋዎች ይገጥሙታል። እርጥበት ደጋኑን ያልማል፣ ፍላጻው ቅርብ ይወድቃል። ጠንካራ ደረቅ ብርድ ደግሞ ቀንዱንና ሙጫውን ያደርቃል፤ እንዲህ የደረቀ ደጋን በድንገት እስከ መጨረሻው ከተሳበ ይሰነጠቃል። መድኃኒቱ ትዕግሥት ነው፦ ጥቂት ጥቂት እየሳቡ ማላመድ።

እሳት አጠገብ ማስጠጋትስ? ብርድ የያዘው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ይህንን ነው፣ የሚያጠፋውም ይኸው ነው። ኃይለኛ ሙቀት ሙጫውን ያላላል። ከውጭ የገባ ቀዝቃዛ ደጋን ሞቃት ክፍል ውስጥ ሲቀመጥም እንደ መነጽር ጤዛ ያወጣል፤ በደረቅ ጨርቅ ሳይጠረግ ማኅደር ውስጥ ከተከተተ ጤዛው አብሮት ይታሸጋል። አውታሩም ጉዳይ አለው፦ የቆዳ አውታር ሲርስ ይረዝማል፤ ቱርኮች ሐር ይመርጡ ነበር።

ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ አውታሩ ይወልቃል። ያን ጊዜ ደጋኑ ወደ ኋላ ይጠቀለላል፤ ለማያውቀው ሰው የተበላሸ ይመስለዋል። መልሶ አውታር ማጥለቅ የጎበዝ ሥራ ነው፤ ክንፎቹ በቀስታ ይሞቃሉ፣ ከተጣመሙም ይቃናሉ። ከአንድ ወገን ከተጠመዘዘ ደጋኑም የሰውየው እጅም ይጎዳል።

የዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ፍሬ የታየው እ.ኤ.አ. በ1453 ከኢስታንቡል መከፈት በኋላ ፋቲሕ ሱልጣን መሕመድ ለቀስት በለዩት በኦክሜይዳኒ ሜዳ ነው። ለርቀት የሚወዳደሩ ሰዎች ደጋናቸውን አስቀድመው በሞቃት ሣጥን ያቆዩት ነበር፤ እርጥበቱ ሲወጣለት ይጠነክራል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩት ቶዝኮፓራን ኢስከንደር ከ800 ሜትር በላይ እንደሰደዱ ተመዝግቧል። ሱልጣን ማሕሙድ ሁለተኛ (እ.ኤ.አ. 1808-1839) ራሳቸው ቀስተኛ ነበሩ፤ ሙስጠፋ ካኒ ይህን ሙያ በመጽሐፍ እንዲያሰፍሩ ያደረጉትም እርሳቸው ናቸው። ጠመንጃ ደጋኑን ከጦር ሜዳ ካስወጣው በኋላ የተጻፈ መሆኑን ልብ በሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 ዩኔስኮ የቱርክን ቀስት በቅርስ መዝገቡ አስፍሮታል፤ በኦክሜይዳኒም ፍላጻ የወደቀበትን ቦታ የሚያመለክቱ የድንጋይ ምሰሶዎች ጥቂቶቹ ዛሬም በቤቶች መካከል ቆመው ይታያሉ።