ኪሾር ኩማር፦ ባለማወደሱ የታገደ ድምፅ

በህንድ ፊልም ዘፈን ሲመጣ ተዋናዩ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ ድምፁ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሌላ ሰው ነው። ራሱም ተዋናይ የነበረው ኪሾር ኩማር፣ በተለይ እ.ኤ.አ. ከ1969ኙ «አራድሃና» ወዲህ፣ ለራጄሽ ካና ድምፁን በማዋስ የገነነ ዘፋኝ ነበር።

በጁን 1975 ኢንዲራ ጋንዲ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጁ። መንግሥታቸውም የፊልም ሰዎች ባለ20 ነጥብ ፕሮግራሙን በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዲያስተዋውቁለት ፈለገ። ኪሾር እምቢ አለ። በሜይ 1976፣ ሹክላ የማስታወቂያ ሚኒስትር ሳሉ፣ ዘፈኖቹ ከሁለቱም ታገዱ፤ ሁለቱም የመንግሥት ነበሩና። ክስ የለ፣ ችሎት የለ።

የታገዱት የአመፅ መዝሙሮች እንዳይመስሏችሁ፤ አብዛኞቹ የፍቅር ዘፈኖች ናቸው። ሳንሱር ብዙውን ጊዜ የተባለውን ያሳድዳል፤ እዚህ ግን ያስቀጣው ያልተባለው ነው። (ዝምታም ለካ ያስከስሳል!) አዋጁ በ1977 ከተነሣ በኋላ የተቋቋመው የሻህ ኮሚሽን ጉዳዩን መርምሮ በዘገባው አሰፈረው።