ቆርቆሮና ጨው

እኛ ደገኞች ቆርቆሮን የምናውቀው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የሐምሌ ዝናብ ሲወርድበት ጨዋታ ያቋርጣል። ሁለተኛ፣ ከሳር ቤቶች መሐል ብልጭ ሲል የባለቤቱን ኑሮ ይናገራል። በገጠር «ቆርቆሮ ቤት አለው» ማለት ለብዙ ዘመን «ደልቶታል» ማለት ነበር። ታዲያ ከዚህ የተነሣ ቆርቆሮን የማያልቅ ሀብት አድርገን ነው የምናየው። አባት መትቶት ለልጅ ያወርሰዋል። ሲዝግ ቀለም ይቀባል፣ ሲበሳ ሬንጅ ይለጠፍበታል፣ ጨርሶ ሲያረጅ ደግሞ አጥር ይሆናል። ቆርቆሮ ጡረታ አይወጣም።

ይህ እምነት ግን የደጋ እምነት ነው። በቅርቡ ጅቡቲ የሚኖር ዘመዴ ስልክ ደውሎ፣ «ጋሼ፣ ቤት ልሠራ ነው፤ ጣሪያውን በ28 ጌጅ ላስመታው ወይስ 32 ይበቃል?» አለኝ። ጥያቄው የአዲስ አበባ ጥያቄ ነው። ባሕር አጠገብ ቤት የሚሠራ ሰው ከብረቱ ውፍረት በፊት መጠየቅ ያለበት ብረቱ ምን እንደ ለበሰ ነው። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ወደ ኋላ ሄድ ማለት ያስፈልጋል።

የቆርቆሮ ታሪክ የሚጀምረው ወደብ ላይ ነው። ሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር የተባለ የለንደን ወደብ ኩባንያ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1829 ሞገድ ያለውን የብረት ሉህ በስሙ አስመዘገበ። ሐሳቡ ልጆች ወረቀት አጥፈው ማራገቢያ ሲሠሩ የሚያውቁት ነው፤ ልምሾ የሆነ ስስ ነገር ሲሸነሸን ይጠነክራል። በዚህ ዘዴ ብዙ እንጨት ሳይፈጅ ሰፊ መጋዘን መክደን ተቻለ። ችግሩ፣ የፓልመር ብረት ራቁቱን ነበር። ቀለም ከመቀባት በቀር ከዝገት የሚያድነው አልነበረም።

መድኃኒቱም የተገኘው ከባሕር ነው፤ ያውም በከሸፈ ሙከራ። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መርከቦች ሆዳቸው በመዳብ ይለበጥ ነበር፤ መዳቡን ደግሞ የባሕሩ ውኃ እየበላ አስቸገረ። እ.ኤ.አ. በ1824 ታዋቂው የኬሚስትሪ ሊቅ ሃምፍሪ ዴቪ በመዳቡ ላይ ቁራጭ ዚንክ ወይም ብረት ቢለጠፍ ባሕሩ መዳቡን ትቶ ቁራጩን እንደሚበላ አሳየ። ልክ ነበር፤ መዳቡ ዳነ። ነገር ግን መዳቡ መሟሟቱን ሲያቆም አረምና ቀንድ አውጣ መሳይ ፍጥረት በመርከቡ ሆድ ላይ ሰፈረ፣ መርከቦቹም ዝግ አሉ። ነገሩ ብዙም ሳይቆይ ተተወ። ሳይንሱ ትክክል ሆኖ ሥራው አልሳካ ሲል እንዲህ ነው።

ሐሳቡ ግን አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1837 ፈረንሳዊው ስታኒስላስ ሶሬል ብረትን በቀለጠ ዚንክ ውስጥ የመንከር ዘዴ አስመዘገበ። ዛሬ በየሱቁ «ጋልቫናይዝድ» የምንለው ነው። (ስሙ የእንቁራሪት እግር በኤሌክትሪክ ካንቀጠቀጠው ጣሊያናዊ፣ ከጋልቫኒ የመጣ ነው።) ዚንኩ እንደ ቀለም የሚሸፍን ብቻ አይደለም። ሉሁ ቢጫር እንኳ በጭረቱ ዙሪያ ያለው ዚንክ ቀድሞ እየተበላ ብረቱን ያቆየዋል። የጌታውን ጦር በደረቱ እንደሚቀበል አሽከር ማለት ነው። ሲያልቅ ግን አለቀ።

ከዚያ በኋላ ቆርቆሮ ዓለምን ዞረ። እ.ኤ.አ. በ1849 ወርቅ ፍለጋ ወደ ካሊፎርኒያ ለጎረፈው ሕዝብ የብረት ቤቶች በመርከብ ተጫኑ፤ አውስትራሊያም ተከተለች። ወደ እኛም በምኒልክ ዘመን መጣ፤ ከጅቡቲ በግመልና በበቅሎ፣ ኋላም እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ በደረሰው ባቡር። ልብ በሉ፣ ቆርቆሮው የገባው በባሕር በር ነው፤ የኖረው ግን ጨው በማይደርስበት ደጋ ነው። በአንጻሩ የቀይ ባሕር ዳርቻ ሰዎች፣ ለምሳሌ የምፅዋ ነባር ነዋሪዎች፣ ቤታቸውን የሚሠሩት ከባሕሩ በሚወጣ የዛጎል ድንጋይ ነበር። የባሕርን ጠባይ ከእኛ ይልቅ እነሱ ያውቁታል።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። ደህና የሚባለው ጋልቫናይዝድ ቆርቆሮ በካሬ ሜትር፣ በሁለቱም ፊት ተደምሮ፣ 275 ግራም ዚንክ ይለብሳል። ይህ በአንድ ፊት 20 ማይክሮን ገደማ ነው፤ ከጠጉር ውፍረት ያንሳል። ደረቅና ንጹሕ አየር ባለበት አገር ዚንክ በዓመት ግማሽ ማይክሮን ያህል ቢበላ 40 ዓመት ይዘልቃል። ማዕበል በሚሰበርበት ዳርቻ ግን በዓመት ከ4 እስከ 8 ማይክሮን ሊሄድ ይችላል። 20ን ለ5 ማካፈል ነው። በአራተኛው ዓመት አሽከሩ ሞቷል፣ ጌታው ብቻውን ቀርቷል። በገበያ ላይ ደግሞ ከ275 ግራም በታች የለበሰ ሉህ ሞልቷል፤ በዓይን አይለይም፣ ሲያብለጨልጭ ሁሉም አንድ ነው።

ጨው ውኃ ይስባል። ሰማዩ ጠራ ብሎ ዝናብ ሳይኖር እንኳ ጣሪያው ላይ የተቀመጠው ጨው ከአየሩ እርጥበት ጠጥቶ ብረቱን እርጥብ አድርጎ ያቆየዋል። ከዚህ የተነሣ ሰው የማይጠብቀው ነገር ይሆናል፤ ዝናብ የሚያጥበው የጣሪያው ጀርባ ሲተርፍ፣ ዝናብ የማይነካው ከጠርዙ ሥር ያለው ክፍል ቀድሞ ይበሰብሳል። ጅቡቲን በመሰለ ዝናብ በሌለበት አገር ማጠቢያው ማን ነው? ባለቤቱ ራሱ በንጹሕ ውኃ ካላጠበው ማንም።

እ.ኤ.አ. በ1972 ቤተልሔም ስቲል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ አዲስ ልባስ ይዞ ገበያ ወጣ፤ 55 በመቶ አሉሚኒየም፣ 43.4 በመቶ ዚንክ፣ ቀሪው ሲሊከን። ከዚንኩ ብቻ በእጅጉ ይቆያል። ሆኖም እሱም እርጥብ ሲሚንቶ አይወድም፤ ከመዳብ ቱቦ የሚንጠባጠብ ውኃም ይጎዳዋል። ብዙ አምራቾችም በዋስትና ወረቀታቸው ላይ፣ ከማዕበሉ የተወሰነ ርቀት ውስጥ ያለ ቤት ዋስትናው እንደማይመለከተው በደቃቅ ፊደል ይጽፋሉ። ደቃቁን ፊደል ያነበበ ከቀለሙ ምርጫ ቀድሞ ስለ ዳርቻው ይጠይቃል። ለባሕሩ አፍ ቅርብ ለሆነ ቤት እኔ የምመርጠው ሙሉ አሉሚኒየም ነው። ውድ ነው፣ ከብረትም ይለሰልሳልና ወፍራሙን መግዛት ይጠይቃል፤ ነገር ግን ቀዩን ዝገት አያውቅም።

ሉሁ ተመርጦ ነገሩ አያልቅም። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1974፣ በፈረንጆች ገና ሌሊት፣ ትሬሲ የተባለ አውሎ ነፋስ የአውስትራሊያን ዳርዊን ከተማ መታ። በአውሮፕላን ማረፊያው የነበረው መለኪያ በሰዓት 217 ኪሎ ሜትር መዝግቦ ተሰበረ። ከ60 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ አብዛኛው ቤት ፈረሰ፣ ከ30,000 በላይ ነዋሪ ከተማውን ለቅቆ ሄደ። መሐንዲሶች ፍርስራሹን ሲመረምሩ ያገኙት አስገራሚ ነው። በብዙ ቤት ላይ ሉሁም ብሎኑም በቦታቸው ጠንካሮች ነበሩ። ነፋሱ ለሰዓታት ሽቅብ ቁልቁል ሲያወዛውዘው ግን ሽቦ ደጋግመን ስናጥፈው እንደሚበጠሰው በየብሎኑ ዙሪያ ስንጥቅ ወጣ፤ ሉሁ በብሎኑ ራስ ላይ ሾልኮ በረረ። አንዱ ሲሄድ ነፋስ ቤት ገባ፣ ግድግዳውም ተከተለ።

ከዚያ በኋላ በአውስትራሊያ አውሎ ነፋስ በሚያሰጋው አካባቢ የጣሪያ ሉህ ከነማሰሪያው በሺህ ለሚቆጠር ጊዜ እየተገፋና እየተሳበ መፈተን ጀመረ። በእኛ አገር ግን የጣሪያ ዋጋ ሲሰላ ሉሁ በቁጥር፣ ሞራሌው በሜትር ተጽፎ፣ ሚስማሩ «ልዩ ልዩ» በሚለው መስመር ይገባል። ከባሕር ዳርቻ ላይ ቀድሞ የሚዝገው ደግሞ እሱ ነው፤ የማይዝገው ዓይነት ብሎን ከነጎማው ቢገዛ ዋጋው ከጠቅላላው ጣሪያ ጥቂቱ ነው።