የፈረስ ተረከዝ ቁስልና የፈንጣጣ ክትባት



ባገራችን ታላላቅ ሰዎች በፈረሳቸው ስም ይጠሩ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው ይባሉ ነበር። ስለ ፈረሱ አንገትና ጋማ፥ ስለ ልጓሙና ስለ ኮርቻው በፉከራም በሥዕልም ብዙ ተነግሯል፤ ከቁርጭምጭሚቱ በታች ስላለው እግሩ ግን ከባልደራሱ በቀር የሚናገር እምብዛም አልነበረም። የዛሬው ንግግራችን ባልደራሱ በሚያውቀው በዚያው ስፍራ ላይ ይሆናል። ይኸውም ከሰኮናው በላይ፥ ከእግሩ በስተኋላ የሚወጣው ግትር ቁስል ነው። ነገሩ ከጋጥ ተነሥቶ እስከ ፈንጣጣ ክትባት ድረስ ስለሚያደርሰን ፈረስ የሌለው የከተማ ሰውም ሊያደምጠው ይገባዋል። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምንናገረው በአውሮጳ አቆጣጠር ነው።

በ18ኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝ ባልደራሶች ይህን ቁስል «ግሪስ» ይሉት ነበር፤ ትርጓሜውም ቅባት ወይም ሞራ ማለት ነው። እንዲህ ያሉትም ቆዳው አብጦ ሲሰነጠቅ እንደ ቀለጠ ሞራ የሚያዳልጥና ክፉ ሽታ ያለው ፈሳሽ ስለሚወርደው ነው። ፈሳሹ ከጠጕሩ ጋር ይደርቅና ቅርፊት ይሆናል፤ ቅርፊቱ ሲነሣ ከሥሩ እንደ ገና ይደማል፤ ፈረሱም ያነክሳል። ቁስሉ የቆየ እንደ ሆነ ቆዳው ይወፍርና እንደ ኪንታሮት ያለ ሥጋ ያበቅላል፤ ያን ጊዜ ማዳኑ ብርቱ ድካም ይጠይቃል።

ይህን ሁሉ የሚያመጣው በብዙው እርጥበት ነው። ፈረሱ ቀን በጭቃ ሲሠራ ይውላል፥ ሌሊት በገዛ ሽንቱና ፋንድያው ላይ ቆሞ ያድራል፤ ቆዳው ይርስና ይላላል፥ ይሰነጠቃልም። የሚያስገርመው ግን የጌቶች ፈረሶች ከዚህ አለመዳናቸው ነው። ባልደራሱ የፈረሱ እግር አምሮ እንዲታይ የተረከዙን ጠጕር ይቈርጣል፤ ማታ ማታ በውሃ ያጥበዋል፤ ከዚያም ሳያደርቅ ትቶት ወደ ራቱ ይሄዳል። ዊልያም ዩአት የተባለው የእንስሳት ሐኪም በ1831 ዓ.ም. ስለ ፈረስ ባወጣው መጽሐፍ ይህን ልማድ ነቅፎታል። ለሕክምናውም ካሮትን ቀቅሎና አድቅቆ በቁስሉ ላይ ማሰርን ይመክር ነበር። ካሮቱ ያን ያህል ኀይል ኖሮት ይሁን፥ ወይስ በካሮቱ ምክንያት ቁስሉ በየቀኑ ስለሚጸዳና ፈረሱ ስለሚያርፍ፥ ለኔ ሁለተኛው ይበልጥ እውነት ይመስለኛል።

ከዚህ መጽሐፍ 33 ዓመት ቀደም ብሎ ግን ይኸው የተረከዝ ቁስል ከጋጥ ወጥቶ በሐኪሞች መካከል ትልቅ ክርክር አስነሥቶ ነበር። ኤድዋርድ ጄነር ግሎስተርሺር በሚባለው አውራጃ፥ በባርክሊ ከተማ የሚኖር የገጠር ሐኪም ነበረ። በዚያን ዘመን ሰውን ከፈንጣጣ ለማዳን ከፈንጣጣው ከራሱ መግል ጥቂት ወስዶ ጤነኛውን መከተብ የተለመደ ነበር፤ ባገራችንም ይህ ዘዴ ከጥንት የታወቀ ነው። ታዲያ ጄነር ሲከትብ የማይነሣባቸው ሰዎች ያጋጥሙት ነበር። እነዚህም በላም ፈንጣጣ የተያዙ አላቢዎች ናቸው፤ ደግሞም ለፈረስ ጫማ የሚመቱ ቀጥቃጮች ነበሩባቸው። ቀጥቃጭ ከላም ጋር ምን አገናኘው? ይህ ጥያቄ ነው ጄነርን ወደ ፈረስ ተረከዝ የመራው።

በዚያ አውራጃ ላም የሚያልቡት ሴቶች ብቻ አልነበሩም፤ ወንዶች አሽከሮችም ያልቡ ነበር። ጄነር እንደሚለው፥ አሽከሩ የፈረሱን ተረከዝ ቁስል ሲጠርግ ቆይቶ እጁን በሚገባ ሳይታጠብ ወደ ላሟ ጡት ይሄዳል፤ በሽታው ከፈረስ ወደ ላም፥ ከላም ደግሞ ወደ አላቢዎች ይተላለፋል። በ1798 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ በመጀመሪያ የጻፈው ታሪክ ጆሴፍ መሬት ስለሚባል ሰው ነው፤ እርሱም በ1770 ዓ.ም. ተረከዛቸው የቈሰለ ፈረሶችን የሚጠብቅ፥ ላሞችንም የሚያልብ አሽከር ነበር። ከሕፃኑ ከጄምስ ፊፕስ ጋር በ1796 ዓ.ም. የተደረገው ፈተና በየትምህርት ቤቱ ስለሚነገር እዚህ አንደግመውም። የማይነገረው የጆን ቤከር ታሪክ ነው።

ጆን ቤከር የ5 ዓመት ልጅ ነበረ። በመጋቢት 16 ቀን 1798 ዓ.ም. ጄነር ከአንድ አሽከር እጅ ቁስል ፈሳሽ ወስዶ በልጁ ክንድ ላይ ከተበው፤ አሽከሩም በሽታው የተጋባበት ከአንዲት ባዝራ ተረከዝ ነው። ክትባቱ ተነሣ። ነገር ግን ልጁ በድኾች መጠለያ ቤት ሳለ በሌላ ተላላፊ ትኩሳት ታመመ፥ በዚያውም ሞተ፤ ስለዚህ ከፈንጣጣ መዳኑን መፈተን አልተቻለም። ይህን የመሰለ ፈተና በድኻ ልጅ ላይ እንዲደረግ ዛሬ የሚፈቅድ የሕክምና ሸንጎ የለም። የክትባት ታሪክ ሲነገር የጆን ቤከርም ስም ከፊፕስ ጐን ሊጠራ ይገባል እላለሁ።

የሎንዶን ሐኪሞች የላሙን ነገር ብዙም ሳይቆዩ ተቀበሉ፤ የፈረሱን ግን አፌዙበት። ከቈሰሉ ተረከዞች ፈሳሽ እየወሰዱ በላሞች ጡት ላይ ከተቡ፤ ምንም አልወጣም። ስለዚህ ጄነር በዚህ ተሳስቷል ተባለ። ጆን ሎይ የተባለ የዮርክሺር ሐኪም ግን በ1801 ዓ.ም. ለክርክሩ ቍልፍ የሆነውን ነገር ጻፈ። ግሪስ የሚባለው በሽታ ሁለት ዓይነት ነው አለ፤ አንደኛው በእግር ላይ ብቻ የሚቀር ቁስል ነው፥ ሁለተኛው ግን ፈረሱን አስቀድሞ የሚያተኵስና ሽፍታ የሚያወጣ ነው፤ ወደ ሰውና ወደ ላም የሚተላለፈውም ይህ ሁለተኛው ብቻ ነው። ሎይ ከሁለተኛው ዓይነት ወስዶ ልጆችን ከተበ፤ በኋላም በፈንጣጣ ሲፈተኑ አልያዛቸውም። የሎንዶን ሐኪሞች ሙከራ የከሸፈው እንግዲህ ከመጀመሪያው ዓይነት ይወስዱ ስለ ነበር ሳይሆን አይቀርም። ባልደራሶች ለሁለት በሽታ አንድ ስም ስለ ሰጡ ክርክሩ ወደ 60 ዓመት ያህል ተጓተተ፤ በ1860ዎቹ ዓመታት የፈረንሳይ የእንስሳት ሐኪሞች በቱሉዝና በአልፎር ትምህርት ቤቶች ሁለተኛውን ለይተው «የፈረስ ፈንጣጣ» እስኪሉት ድረስ።

ጄነርም ሁሉን ልክ አላለም፤ የላም ፈንጣጣ ሁሉ ከፈረስ ይመጣል ማለቱ ስሕተት ነበር፥ ዛሬ መነሻው አይጦችና የአይጥ ወገኖች መሆናቸው ታውቋል። ነገር ግን በ2017 ዓ.ም. ተመራማሪዎች በአሜሪካ በ1902 ዓ.ም. የተሠራ የፈንጣጣ ክትባት ብልቃጥ አግኝተው ቢመረምሩ፥ የዘሩ ዋና ክፍል ከፈረስ ፈንጣጣ ጋር 99.7 በመቶ አንድ ሆኖ ተገኘ። ክትባት በአውሮጳ ቋንቋዎች «ቫክሲን» የሚባለው ቫካ ከሚለው የላቲን ቃል ነው፥ ላም ማለት ነው። ፈረስ ከስሙ ድርሻውን ሳያገኝ ቀርቷል ማለት ነው። ከታቢዎቻችን ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ በእግርና በበቅሎ፥ አንዳንዴም በሄሊኮፕተር፥ በየተራራውና በየበረሃው ሲያዞሩት የነበረው ክትባትም የዚሁ ወገን ነው። የመጨረሻው የኢትዮጵያ ሕመምተኛ የተገኘው በ1976 ዓ.ም. ሲሆን፥ የዓለም ጤና ድርጅት ፈንጣጣ ከምድር መጥፋቱን በ1980 ዓ.ም. አስታወቀ።

የፈረስ ፈንጣጣም ዛሬ ከቶ የሚታይ አይመስልም። ተራው የጭቃ ቁስል ግን እስከ ዛሬ አለ። ከሚያመጡት ተሕዋስያን አንዱ በ1915 ዓ.ም. በኮንጎ በከብት ቆዳ ላይ የተገኘው ደርማቶፊለስ ነው፤ ይህ ተሕዋስ በደረቅ ቅርፊት ውስጥ ተደብቆ ይቆይና እርጥበት ሲያገኝ የሚዋኙ ዘሮችን ይለቃል። በሌላ ጊዜ መግል የሚያመጡ ሌሎች ባክቴሪያዎች፥ ወይም ረዥም የእግር ጠጕር ባላቸው ፈረሶች ላይ ቅንቅን ምክንያት ይሆናል፤ ቅንቅን ከሆነ የዝናቡ ማቆም ብቻውን አያድነውም፥ አብረውት የሚያድሩትም ፈረሶች መታከም አለባቸው።

ሕክምናው ፈረሱን በደረቅ ስፍራ ከማቆም ይጀምራል። በቁስሉ ዙሪያ ያለው ጠጕር ያጥራል፤ ቅርፊቱ ደርቆ ሳለ ሳይጐተት ለብ ባለ ውሃና ክሎርሄክሲዲን በሚባለው መድኀኒት ይርሳል፥ ጥቂት ደቂቃ ይቆያል፥ በቀስታ ይነሣል፥ ይታጠባል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው፤ በንጹሕ ጨርቅ ጨርሶ መድረቅ አለበት፥ በእርጥብ ቁስል ላይ ቅባት መደረብም እርጥበቱን አምቆ መያዝ ነው። ተሕዋሱ ወደ ሰው እጅ ሊተላለፍ ስለሚችል ጓንት ማድረግና እጅን በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል። እግሩ እስከ ላይ ካበጠ ወይም ፈረሱ በብርቱ ካነከሰ ሐኪም ይጠራ።

ባገራችን የጋሪ ፈረሶች ላይ ግን ከዚህ ጋር የሚምታታ ሌላ ክፉ በሽታ አለ። በቢሾፍቱና በሞጆ ያሉ ባለ ጋሪዎች የሚያውቁት፥ በእግር፥ በአንገትና በፊት ላይ እንደ መቍጠሪያ ተሰልፎ የሚያብጥና እየፈነዳ መግል የሚያወጣው ነው። መነሻው ፈንገስ ስለ ሆነ የጭቃ ቁስል መድኀኒት አያድነውም፤ ሕክምናውም ረዥምና ውድ ነው። ፈንገሱ በተላጠ ቆዳ ስለሚገባ፥ ዝንብና የተበከለ ዕቃም ስለሚያዛምቱት፥ ባለ ጋሪ ትከሻ የሚልጥ ጭነት ከመጫን፥ የታመመውንም ፈረስ ኮርቻና መጥረጊያ ለጎረቤቱ ከማዋስ መከልከል አለበት።