ራስ ያልነበረው ምልክት

በሆስፒታልና በአውሮፕላን ማረፊያ ዘወትር የምናየው የተሽከርካሪ ወንበር ምልክት መጀመሪያ ሲነደፍ ራስ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1968 ሱዛን ኮፌድ የተባለች ዴንማርካዊት የዲዛይን ተማሪ የነደፈችው ባዶ ወንበር ነበር። በዓመቱ ሪሃቢሊቴሽን ኢንተርናሽናል የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ምልክቱን ሲቀበል፣ የመረጣውን ኮሚቴ የመሩት ካርል ሞንታን ወፋፍራሞቹ መስመሮች የተጠላለፉ ፊደላት እንዳይመስሉ በማሰብ ከላዩ ክብ አከሉበት። ወንበሩም ባለቤት አገኘ።

እኔን የሚያስደንቀኝ፣ ሰው ወደ ምልክቱ የገባው ሥዕሉ እንዲነበብ ሲባል መሆኑ ነው። የገባውም ሰው ቀጥ ብሎ የተቀመጠ፣ የሚገፋውን የሚጠብቅ ይመስላል። ከአራት አሠርት ዓመታት በኋላ ሣራ ሄንድረንና ብራያን ግሌኒ በቦስተን ወደ ፊት ያዘነበለ፣ መንኮራኩሩን በገዛ እጁ የሚያሽከረክር ምስል አቀረቡ፤ የኒውዮርክ ግዛትም እ.ኤ.አ. በ2014 ተቀበለው። ይሁንና ከአካል ጉዳተኞች መካከል «እጁን ማንቀሳቀስ የማይችለውስ የት አለ?» ሲሉ የተቹት አልታጡም።

እንግዲህ አንድን ምልክት ስንመረምር ምን እንደሚያመለክት ብቻ ሳይሆን፣ ማንን ከሥዕሉ ውጭ እንደተወም ልንጠይቅ ይገባናል እላለሁ። ከሥሩ መወጣጫ ከሌለ ደግሞ ሁለቱም ሥዕሎች ከንቱ ናቸው።